ቆሽት ሲያር ማን አየው?

«ቆሽቴ አረረ!» ብሎ የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ ዳንፎርዝ ላይ መኪና አቁሞ አያውቅም። ልጅ ሲያምፅ፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ሲመጣ ቀድሞ የሚያርረው ቆሽታችን ነው። ፈረንጅ ሲያዝን ልቡ ይሰበራል፤ እኛ ግን ቆሽታችን ያርራል፣ አንጀታችን ይቃጠላል፣ ሆዳችን ይባባል። ይሁንና ቆሽት የት እንደተቀመጠና ምን እንደሚሠራ ብንጠየቅ፣ አብዛኞቻችን እጃችንን ወደ ጎናችን ልከን ጣፊያችንን የምናሳይ ይመስለኛል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ ለቅሶ ቤት የሰማሁት ነገር ነው።

ከዳንፎርዝ ጎዳና ብዙም በማይርቅ አንድ አፓርትማ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነበር። ሟቹ የተከበሩ አባት ነበሩ፤ ስማቸውን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። የሞቱት በቆሽት ነቀርሳ ሲሆን በሽታው ከታወቀ አምስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ንፍሮው ዞሮ ቡናው ሲቀርብ አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነገር ግን ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው፣ «ምን ነቀርሳ ትላላችሁ? ቆሽታቸውን ያሳረራቸው ያ ልጅ ነው» አሉ። «ያ ልጅ» የተባለው የሟች ልጅ በሩ አጠገብ የእንግዳ ጫማ እያስተካከለ ቆሞ ነበር። ሰምቷል። ባለፈው ዓመት ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ለጥቂት ወራት ቤት ሳይደርስ መቆየቱን የሚያውቀን ሰው ሁሉ ያውቃል።

ስወጣ እስከ አሳንሰሩ ሸኘኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሆስፒታል ያስተረጉማሉ አይደል? እውነት እኔ ነኝ የገደልኳቸው?» አለኝ።

«አይደለህም» አልኩት።

ለእንዲህ ያለ ክስ ግን አንዲት ቃል በቂ መልስ አትሆንም። ሰው ላይ ፍርድ የተሰጠው በአደባባይ ከሆነ ማስረጃውም በአደባባይ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ሳይንሱ የሚለውን ከሥሩ ጀምሬ ላቅርብ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የወፍጮ ቤቱ ሥራ

ቆሽት ከጨጓራ ኋላ፣ ከጀርባ አጥንት ፊት ለፊት የተጋደመ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሰውነት ክፍል ነው። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው፤ የደምን ስኳር የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ይሠራል። ሁለተኛው ብዙም አይወራለትም እንጂ አብዛኛው የቆሽት አካል የቆመው ለእሱ ነው፤ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ማምረት ነው። አሚሌዝ የሚባለው የእንጀራውን ስታርች ይፈጫል፤ ላይፔዝ የወጡን ቅቤ ይበትናል፤ ትሪፕሲን ደግሞ የሥጋውንና የሽሮውን ፕሮቲን ይቆራርጣል።

ቆሽት ሥጋን የሚቆርጥ ኢንዛይም ሲያመርት ራሱን የማይቆርጠው ለምንድን ነው? መልሱ ጎራዴው ከሰገባው ሳይወጣ ስለሚላክ ነው። ትሪፕሲን ቆሽት ውስጥ የሚሠራው ባልነቃ መልኩ ሲሆን፣ በቱቦ ተጉዞ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ብቻ ይነቃል። በአልኮል ብዛት፣ ቱቦውን በዘጋ የሐሞት ጠጠር ወይም በውርስ ችግር ጎራዴው እዚያው ቆሽት ውስጥ ከተመዘዘ ግን አካሉ ራሱን መፍጨት ይጀምራል። የቆሽት መቆጣት የሚባለው ይኸው ነው። እንግዲህ «ቆሽት አረረ» የሚባል ነገር በእርግጥ ካለ፣ ከዚህ የሚበልጥ ማረር አይገኝም።

ይህ የኢንዛይም ነገር ከከተማችን ከቶሮንቶ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 መጨረሻ ፍሬድሪክ ባንቲንግ የተባለው ወጣት ሐኪም አንድ ሐሳብ መጣለት። ከቆሽት ኢንሱሊን ለማውጣት የሞከሩት ሁሉ ያልተሳካላቸው የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞቹ እያበላሹት ይሆናል ብሎ ገመተ። ስለዚህ የውሾችን የቆሽት ቱቦ ቢቋጥር ኢንዛይም አምራቾቹ ሕዋሳት ከስመው ኢንሱሊን አምራቾቹ ብቻ ይቀራሉ አለ። በ1921 ከቻርልስ ቤስት ጋር ሆኖ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሙከራውን ጀመረ። በጥር 1922 የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምፕሰን በቶሮንቶ ጄኔራል ሆስፒታል ኢንሱሊን ተወጋ፤ ጄምስ ኮሊፕ አጥርቶ ያዘጋጀው ሁለተኛው መድኃኒት ሲሰጠው ስኳሩ ወረደለት። ባንቲንግና ማክላውድ በ1923 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ቱቦ መቋጠሩ የግድ እንዳልነበረ፣ በአልኮል ማውጣት እንደሚቻል ወዲያው ታውቋል። ያ ቱቦ የመቋጠር ዘዴ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ለሌላ ምርምር ተመልሶ መጥቷል።

ወፍጮውን ጥሎ ቧንቧ የሚሆን ሕዋስ

የቆሽት ነቀርሳ በአብዛኛው የሚታየው የቱቦ ሕዋስ መስሎ ነው። ከዚህ የተነሣ መነሻው ቱቦው እንደሆነ ብቻ ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። በአይጥ ላይ የተደረጉ ምርምሮች ግን ሌላ በር ከፍተዋል። ኢንዛይም አምራቹ ሕዋስ ራሱ መልኩን ሊለውጥ ይችላል።

አንድ ወፍጮ ቤት እናስብ። እሳት ሲነሳ ባለ ወፍጮው ሥራውን አቁሞ ግድግዳ ይጠግናል፣ ቧንቧ ይዘረጋል። ቆሽት ሲቆጣም እንደዚሁ ነው። ኢንዛይም አምራቹ ሕዋስ አሚሌዝና ሌሎቹን ኢንዛይሞች ማምረቱን ይቀንሳል፣ ኋላም ያቆማል፤ በምትኩ የቱቦ ሕዋስ የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች ማምረት ይጀምራል። ይህ በራሱ ነቀርሳ አይደለም፤ መከላከያ ነው። እሳቱ ሲጠፋ ባለ ወፍጮው ወደ ወፍጮው ይመለሳል።

ችግሩ የሚመጣው ካልተመለሰ ነው። ኬራስ የሚባል ጂን አለ። የሚሠራው ፕሮቲን ራሱ ኢንዛይም ነው፤ ሕዋሱን «እደግ፣ ተባዛ» እያለ የሚያዝ ማብሪያና ማጥፊያ ሲሆን፣ ትእዛዙን ካስተላለፈ በኋላ ራሱን በራሱ ያጠፋል። በዚህ ጂን ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ 12ኛው ቦታ ላይ፣ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ራሱን የማጥፋት ችሎታው ይጎድላል። መብራቱ በርቶ ይቀራል። ከቆሽት ነቀርሳዎች ከ100 ከ90 በላይ በሚሆኑት ላይ ይህ ለውጥ ይገኛል። መብራቱ በርቶ የቀረበት ሕዋስ ቆሽቱ በተቆጣ ጊዜ መልኩን ከለወጠ ወደ ወፍጮው ለመመለስ ይቸገራል።

ሌላው ለውጥ በተቃራኒው ኢንዛይም የሚጨምርበት ነው። ሕዋሳትን እንደ አጥር አቅፎ የያዘውን መረብ የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ኤምኤምፒ 7 የሚባለው፣ በጤነኛ ኢንዛይም አምራች ሕዋስ ላይ የማይታይ ሲሆን ገና ነቀርሳ ባልሆነው የመጀመሪያ ቁስል ላይ ግን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ይህን ኢንዛይም የማያመርቱ አይጦችን ወስዶ የቆሽት ቱቧቸውን ቋጠረ፤ ባንቲንግ በውሾቹ ላይ እንዳደረገው ማለት ነው። በእነዚህ አይጦች ላይ የሕዋሱ መልክ መለወጥ በእጅጉ ቀነሰ። አጥር ቆራጩ ኢንዛይም የመጣው በሽታውን ተከትሎ ብቻ ሳይሆን መንገድ ጠራጊ ሆኖም ነው ማለት ነው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

እ.ኤ.አ. በ2010 ከጆንስ ሆፕኪንስ የወጣ ጥናት በዚህ በሽታ የሞቱ 7 ሰዎችን ነቀርሳ መርምሮ፣ የጂን ለውጦቹን እንደ ሰዓት በመቁጠር አንድ ግምት አቀረበ። ከመጀመሪያው የጂን ለውጥ አንስቶ እውነተኛው የነቀርሳ ሕዋስ እስኪወለድ በትንሹ 10 ዓመት፣ ከዚያም ወደ ሌላ አካል የመሠራጨት አቅም እስኪያገኝ በትንሹ 5 ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው የሚኖረው በአማካይ 2 ዓመት ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ ከቶሮንቶ ደግሞ የተለየ ድምፅ ተሰምቷል። በኦንታሪዮ የካንሰር ምርምር ተቋም ፋያዝ ኖታና ስቲቨን ጋሊንገር የተሳተፉበት ቡድን ከ100 በላይ ነቀርሳዎችን መርምሮ ውጤቱን በ2016 አሳተመ። ከ3ቱ 2 ያህል በሚሆኑት ላይ ክሮሞዞም እንደ ሸክላ ገንቦ በአንድ ጊዜ ተሰባብሮ እንደገና በዘፈቀደ የተገጣጠመበት ምልክት ተገኘ። ይህም በሽታው ሁልጊዜ ደረጃ በደረጃ እየወጣ የሚሄድ ሳይሆን አንዳንዴ ለዓመታት ቆሞ በአንድ ጊዜ የሚዘል መሆኑን ያመለክታል። ባለፈው ዓመት ተነሥቶ ንጹሕ የተባለ ሰው ዘንድሮ ሲወድቅ የምናየው አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ ጥናቶች በፍጥነቱ ይለያዩ እንጂ አንድ ነገር ላይ አይጣሉም። መነሻው የጂን ስህተት ነው። ሐኪሞች በመንስኤነት ከሚቆጥሯቸው ነገሮች ሲጋራ አለ፤ የሚያጨስ ሰው የመያዝ ዕድሉ ከማያጨሰው እጥፍ ያህል ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየ የቆሽት መቆጣት አለ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት አለ፣ የቆየ ስኳር በሽታ አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ውርስ አለ። የአባትና የልጅ ጠብ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። ድብርትና የፀባይ መለወጥ የቆሽት ነቀርሳ ከመታወቁ በፊት ሊታዩ እንደሚችሉ ሐኪሞች ከብዙ ዘመን ጀምሮ መዝግበውታል። እንግዲህ ምናልባት ጠቡ በሽታውን አላመጣው ይሆናል፤ በሽታው ጠቡን አምጥቶት ይሆናል። ይህን በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ሰው የለም። ልጁን «ገዳይ ነህ» ማለት የሚችል ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ማስረጃ ነው ያለው።

ለምን አስቀድሞ አይያዝም?

በካናዳ በ2024 ወደ 7,100 ሰዎች ይህ በሽታ እንደሚገኝባቸውና 6,100 ሰዎች እንደሚሞቱበት ተገምቶ ነበር። ከታመሙት 5 ዓመት የሚሻገሩት ከ100 ወደ 10 ብቻ ናቸው። ዋናው ምክንያት ዘግይቶ መገኘቱ ነው፤ በቀዶ ጥገና ሊወጣ በሚችልበት ጊዜ የሚደረስባቸው ከ5 በሽተኞች ለ1 እንኳ አይደርሱም።

«ታዲያ ሁላችንም አንመረመርም?» የሚል ይኖራል። በ2024 የታተመ ሌላ ጥናት መልሱን ይሰጣል። ጤነኛ የሚመስል የሰው ቆሽት በጥልቀት ሲታይ በአንድ ቆሽት ውስጥ እነዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ቁስሎች በመቶዎች እንደሚቆጠሩ ተገምቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ ከባለቤታቸው ጋር አርጅተው ይቀበራሉ። ሁሉንም ማሳደድ ጤነኛውን ሰው ለቢላዋ መስጠት ይሆናል። ስለዚህ በየጊዜው እንዲመረመሩ የሚመከሩት ከቅርብ ዘመዶቻቸው መካከል ይህ በሽታ የተደጋገመባቸውና አደገኛ ጂን የወረሱ ሰዎች ናቸው። ለምሳሌ በ1996 የተገኘው የትሪፕሲን ጂን ስህተት ጎራዴውን በየጊዜው ከሰገባው የሚያስወጣ የውርስ በሽታ ያመጣል፤ ይህ በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች 40 ያህሉ እስከ 70 ዓመታቸው በቆሽት ነቀርሳ ሊያዙ እንደሚችሉ በ1997 ተገምቷል።

እዚህ ላይ እኛን ጥቁሮችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ሲኤ 19-9 የሚባል የደም ምርመራ ሐኪሞች በሽታውን ለመከታተል ይጠቀሙበታል። ይህ ምልክት ደም ውስጥ እንዲታይ ሉዊስ የሚባለው የደም ዓይነት ኢንዛይም መኖር አለበት። ኢንዛይሙ የሌለው ሰው ነቀርሳው ቢያድግ እንኳ ምልክቱን አያመርትም ወይም በጣም ጥቂት ነው። በአሜሪካ የደም ባንክ መጻሕፍት እንደተመዘገበው ኢንዛይሙ የሌላቸው ከነጮች ከ100 ወደ 6 ሲሆኑ ከጥቁሮች ግን ወደ 22 ናቸው። እንግዲህ «የደም ምርመራው ደህና ነው ተባልኩ» ብሎ ልቡን አሳርፎ የሚቀመጥ ወገን ካለ፣ ሐኪሙን «እኔ ይህን ምልክት የማያመርት ሰው ብሆንስ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

«ወፍ ነው» የምንለው ነገር

ዳንፎርዝ ላይ እንኳን ቡና ይዘን ስንቀመጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ብናይ «ወፍ መታው» እንላለን። የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም፣ የተወጋ ይሞታል፣ የሚያሽረው የአገር ቤት ቅጠል ነው ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ሥር ተወቅጦ ሲጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወገኖቼ፣ የዓይን ቢጫነት ብዙ መነሻ አለው፤ የጉበት ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል። ዕድሜው ከፍ ባለ ሰው ላይ ሕመም ሳይኖር ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰውነቱን ካሳከከው ግን የቆሽት እብጠት የሐሞት ቱቦውን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። በዚህ በሽታ አስቀድሞ ከሚጮኹት ጥቂት ደወሎች አንዱ ይህ ነው። ሦስት ሳምንት ቅጠል ስንጠጣ ደወሉን እያፈንነው ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ምክንያት የሌለው መክሳት፤ ከላይኛው ሆድ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመም፤ እንዲሁም ኢንዛይሙ አንጀት ስለማይደርስ ስብ ሳይፈጭ የሚወጣበት የነጣ፣ ቅባት ያለውና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዓይነ ምድር። ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ በድንገት የሚነሳ ስኳር በሽታም አለ። እዚህ ላይ ማንም እንዳይደነግጥ፤ በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው እንዲህ ዓይነት አዲስ ስኳር ከተገኘባቸው 100 ሰዎች በ3 ዓመት ውስጥ የቆሽት ነቀርሳ የተገኘበት 1 ሰው እንኳ አይሞላም። ስኳሩ የመጣው ከመክሳት ጋር ከሆነ ግን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አሳማውስ?

ብዙ ጊዜ ሳስተረጉም የማየው ሌላ ጭንቀት አለ። ቆሽታቸው በከፊል የወጣላቸው ወይም የተዘጋባቸው ሰዎች ከምግብ ጋር የሚዋጥ የኢንዛይም እንክብል ይታዘዝላቸዋል። ይህ መድኃኒት የሚዘጋጀው ከአሳማ ቆሽት ነው። ኢንሱሊን ከ1982 ጀምሮ በባክቴሪያ አማካይነት እንደ ሰው ኢንሱሊን ሆኖ ሲመረት፣ የኢንዛይሙ እንክብል ግን እስካሁን ከአሳማው አልተላቀቀም። ሐኪሙ ሳይነግራቸው ቀርቶ በኋላ ከሰው ሰምተው ያቆሙ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም አውቃለሁ። ያለ እንክብሉ የሚበሉት ሳይፈጭ ስለሚወጣ በምግብ መሀል ይከሳሉ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ከእምነቱ ለማናወጥ አይደለም። ነገሩን ደብቆ ከማቆም ግልጹን ለሐኪሙ፣ ለንስሐ አባት ወይም ለሼኽ ማቅረብ ይሻላል ለማለት ነው። ጾም የሚጾሙም ካሉ እንክብሉ የሚዋጠው ከምግብ ጋር እንጂ በባዶ ሆድ እንዳልሆነ ይወቁት፤ የሚበሉበትን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር ያስተካክሉ።

መደበቁ ይብቃ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የራሳችን ተረት ነው፤ ግን ነቀርሳ ሲሆን እንረሳዋለን። ለእናት አይነገርም፣ ለጎረቤት አይነገርም፣ ለልጆች አይነገርም። ኦንታሪዮ ውስጥ ሰድበሪ የተወለደው የቴሌቪዥን ሰው አሌክስ ትሬቤክ የቆሽት ነቀርሳ እንዳለበት በማርች 2019 በአደባባይ ተናገረ፤ በኖቬምበር 2020 እስኪሞት ድረስም ሥራውን አላቆመም። በሽታው አልማረውም። ነገር ግን ስንት ሰው ስሙን ሰምቶ ምልክቱን ጠየቀ!

እኛ ስንደብቅ ዋጋ የሚከፍሉት የሚቀሩት ናቸው። አባት በምን እንደሞተ ያላወቀ ልጅ ለሐኪም «በቤተሰቤ ይህ በሽታ አለ» ብሎ ሊናገር አይችልም። እውነቱ ባልተነገረበት ቤት ደግሞ ሐሜት ቦታውን ይይዛል፤ ያ ልጅ በር ላይ ቆሞ የሰማው እንደዚያ የተወለደ ሐሜት ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ወላጅን ወደ ሐኪም ስትወስዱ ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ፤ የ12 ዓመት ልጅ የአያቱን ነቀርሳ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። ከቅርብ ዘመዶቻችሁ ሁለት ሰዎች በዚህ በሽታ ከሞቱ ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ንገሩ፤ የጂን ምርመራ የሚያስፈልግ መሆኑን ጠይቁ። ሲጋራውን አቁሙ። ዓይን ቢጫ ሲሆን ከቅጠሉ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከግሪንውድ ባቡር ተሳፍሮ ሴንት ጆርጅ ላይ ለቀየረ ሰው፣ ኢንሱሊን መጀመሪያ የተሰጠበት ቶሮንቶ ጄኔራልና ትልቁ የካንሰር ሆስፒታል ፕሪንሰስ ማርጋሬት ከኩዊንስ ፓርክ ጣቢያ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ሱዳንን፣ ሊቢያንና ባሕሩን ያቋረጠ ወገን ይህን መንገድ ፈርቶ መቅረት የለበትም።

ለቅሶ ቤት ያሉ እናቶቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። «ቆሽቱን አሳረረው» የሚለው አነጋገራችን ለቁጣ ይሁን፤ ለፍርድ አይሁን። ወላጁን ለቀበረ ልጅ የሚገባው «እግዚአብሔር ያጥናህ» ነው።

ቸር ወሬ ያሰማን።